እጁን የማያወጣው ሰብሳቢ

ኦቦ ቶለሳ መሞቱን የነገረችኝ የቢሯችን መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። በሩን ሳታንኳኳ ገብታ «አስቴር፣ ጉድ ሆነናል! አፈ ጉባኤው አረፉ እኮ!» አለች። ሻይ እየጠጣሁ ነበር። «ነፍስ ይማር» አለች እሷው፤ እኔም እንድል እየጠበቀች ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እኛ ጴንጤዎች ለሞተ ሰው ነፍስ ይማር አንልም። የዚያን ቀን ሃይማኖቴ እንዴት እንደተመቸኝ! ዝም ብዬ ሻይዬን እስከ መጨረሻው ጠጣሁ፤ ከታች የቀረውን ስኳር ሳይቀር በማንኪያ ጠርጌ በላሁ።

ምን አስዋሸኝ፣ ደስ ብሎኛል። በሰው ሞት ደስ አይልም የምትሉኝ ሰዎች ጥሩ ሰዎች ናችሁ፤ እግዚአብሔር እንደናንተ ያድርገኝ። እስከዚያው ግን ደስ ብሎኛል።

ደስታዬ ከቢሮ እስክወጣ እንኳ አልቆየም። ሰውየው አፍ ውስጥ አንዲት የኔ ዓረፍተ ነገር ነበረች። «መምህር መርጋ ያን ቀን ተቃውሟል።» ይቺው ናት። መርጋ ባሌ ነው። ይቺን አጭር ነገር በሰው ፊት እንዲናገርልኝ ስንት ዓመት ጠበቅኩ፤ ቢሮው ድረስ ሄጄ ለምኜዋለሁ። ሳይናገራት ይዟት ሄደ። «አመለጥከኛ!» አልኩ ለብቻዬ፣ ጠረጴዛውን በመዳፌ መትቼ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ በሐዘን ነው ብላ ትከሻዬን አሻሸችኝ።

ከሰዓት በኋላ ኦቦ ኢተፋ ደወለ። ኢተፋ የዞን ሹም ነው፤ ቀብር አስፈጻሚ ኮሚቴውን እንዲመራ ተመድቧል።

«አስቱ፣ የሕይወት ታሪካቸውን የምትጽፊው አንቺ ነሽ። ወረዳ ሳሉ አብሯቸው የሠራ ሌላ ሰው የለንም፤ አጻጻፍሽም ያምራል። በኦሮምኛ አንድ፣ ከላይ ለሚመጡት እንግዶች ደግሞ በአማርኛ አንድ። እስከ ነገ ከሰዓት ይድረስልን።»

«እሺ ኦቦ ኢተፋ፣ ይደርሳል» አልኩ። 

ቶለሳን ያወቅኩት ከአምቦ ወደ ሰሜን ስትወጡ፣ ከጎጆ ከተማም አለፍ ብላ ባለች አንዲት ብርዳም የወረዳ ከተማ ነው። ስሟን አልጠራም፤ የማያገባቸውን ሰዎች ላስቀይም አልፈልግም፤ የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ገብስ፣ ድንች፣ በግ፣ ጭቃ። እኔ የአምቦ ልጅ ነኝ። የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ሆኜ ስመደብ ስስ ሹራብ ለብሼ ነበር የሄድኩት። የመጀመሪያው ቀን ጥርሴ ሲንገጫገጭ አይቶ፣ የራሱን ጋቢ ከትከሻው አውርዶ አለበሰኝ። «ልጄ፣ ይሄ አገር በሹራብ አይሆንም» አለኝ። ያን ጋቢ አልመለስኩለትም። ዛሬ ቤታችን በር ሥር እግር ይጠረግበታል።

ያኔ የወረዳው ምክር ቤት ሰብሳቢ ነበር። ከዚያ በፊት የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበር። ረጅም፣ ወፍራም፣ ቡናማ ካፖርት የማይለየው ሰው። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ተቆጥቶ አያውቅም። የሚያስፈራ የማስታወስ ችሎታ ነበረው። ገበያ ውስጥ አንዱን ገበሬ ድንገት ይዞ «ነጋ ቡልቴ? ያ ግራጫው ፈረስህ እግሩ ዳነ?» ይለዋል። ገበሬው አፉን ከፍቶ ይቀራል። ፈረሱ የታመመው ካቻምና ነበር! ሰው እንዲህ ተደርጎ ነው የሚያዘው። እኔም ተይዣለሁ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በሱ እምል ነበር።

ስለ እጆቹ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ያለው እጆቹ ላይ ነውና። ትልልቅ፣ ንጹሕ፣ ጥፍራቸው በሥርዓት የተቆረጠ እጆች ናቸው። ስብሰባ ላይ አንዱን በአንዱ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ያሳርፋቸዋል፤ ከዚያ በኋላ አይንቀሳቀሱም። ድምፅ ሲያሰጥ ቀና እንኳ አይልም። ወረቀቱን እያየ በአንድ ትንፋሽ «የሚደግፍ? የሚቃወም? የለም። ሰገሌ ጉቱን!» ይላል። በሙሉ ድምፅ ማለቱ ነው። በ«የሚቃወም» እና በ«የለም» መካከል ትንፋሽ የሚገባበት ቦታ የለም። ቀጥሎ በቀለበቱ ጠረጴዛውን አንዴ ኳ ያደርጋል፤ እኔ እጽፋለሁ። በዚህ ዓይነት ስንቱን ዕቅድና ስንቱን ሪፖርት አሳለፍን። አባላቱም ለምደውታል። እጃቸውን የሚያወጡት ስለ ምን እንደሆነ ሳይሰሙ ነው፤ አንዳንዱ እንቅልፉን ሳይጨርስ ያወጣል።

አንድ ቀን «እርስዎ ለምን እጅዎን አያወጡም?» ብዬ ጠየቅኩት፤ ጀማሪ ነበርኩ። ሳቀ። «እኔ ሰብሳቢ ነኝ፤ ሰብሳቢ እጅ አያወጣም» አለኝ። ደንቡ እንደዚያ ይበል አይበል አላውቅም። እሱ ግን እንደዚያ አስለመደን፤ የቆጠርነውም የሌላውን እጅ ብቻ ነው።

መርጋን ያገኘሁት እዚያው ነው። የሒሳብ መምህር ነበር፤ የምክር ቤት አባልም ነው። ስንፈላለግ ሽማግሌ ሆኖ አምቦ አባቴ ቤት ድረስ የመጣው ማን ይመስላችኋል? ቶለሳ! አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ነገር ማጥራት ይወዳል። «ይሄ ልጅ ምን አለው?» አለ። ቶለሳ እነዚያን እጆቹን አጣምሮ «ኦቦ፣ ይሄ ልጅ እውነት ይናገራል። በዚህ ዘመን ከዚህ በላይ ምን እንዲኖረው ይፈልጋሉ?» አለው። አባቴ ወዲያው ሰጠኝ። ስለ መርጋ እውነተኛነት በአደባባይ የመሰከረው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ የመሰከረውም ለአባቴ ለአንድ ሰው ነው።

ከዚያ ያ ዓመት መጣ። አምቦ ላይ ወጣቱ አደባባይ ወጣ፤ እኛም ጋ ደረሰ። ተማሪ ከክፍል ወጣ፤ መንገድ በድንጋይ ተዘጋ። በሳምንቱ አስቸኳይ ጉባኤ ተጠራ። የሰባት ተማሪዎች ስም ዝርዝር ቀረበ፤ ሁከት አነሣስተዋል፣ ከትምህርት ገበታቸው ተሰናብተው ተላልፈው ይሰጡ የሚል። ስድሳ ምናምን ሰው አዳራሹ ውስጥ አለ። 

ቶለሳ ወረቀቱን እያየ «የሚደግፍ?» አለ። እጆች ወጡ፤ ቀስ ብለው ነው የወጡት። «የሚቃወም?» አለ፤ «የለም» ሊል አፉን ሲከፍት መርጋ ተነሣ።

«እኔ እቃወማለሁ» አለ። «ሰባቱም ተማሪዎቼ ናቸው። ሌሊሳ የሚባለውማ ያን ቀን እኔ ክፍል ውስጥ ፈተና ላይ ነበር። እቃወማለሁ። ስሜ ይያዝ።»

ቶለሳ ያኔ ብቻ ቀና አለ። ፈገግ ብሎ «ተቀመጥ መርጋ፤ ሐሳብህ ተይዟል» አለው። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ተመለሰና «ሰገሌ ጉቱን!» አለ። ኳ። እኔ ረቂቅ ደብተሬ ላይ «መርጋ ተቃወመ፤ ስሜ ይያዝ አለ» ብዬ ጽፌያለሁ። ደብተሩ አሁንም አለኝ።

ጉባኤው እንዳለቀ ቢሮው አስጠራኝ። በሩን ራሱ ዘጋ፤ ወንበርም ራሱ ሳበልኝ። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ።

«አስቱ ልጄ» አለኝ፣ «የምትገለብጪው ገጽ ወደ ላይ የሚሄድ ነው። ተቃዋሚ አንድ፣ ስሙም መርጋ ተብሎ ከሄደ፣ ነገ ዝርዝሩ ሰባት መሆኑ ቀርቶ ስምንት ይሆናል። ባልሽን ትፈልጊዋለሽ?»

«እፈልገዋለሁ» አልኩ። ምን ልበል?

«እንግዲያው በሙሉ ድምፅ ብለሽ ጻፊ።»

ጻፍኩ። በደንብ አድርጌ፣ በሚያምረው እጄ ጻፍኩ። ከሥር «የጉባኤው ጸሐፊ» ብዬ ፈረምኩ። ስወጣ ደግሞ፣ ይሄን ስናገር ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል፣ ጎንበስ ብዬ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩት። ባሌን አተረፈልኝ ብዬ!

ለመርጋ የነገርኩት ማታ ራት ላይ ነው። እጁ ጉርሻ እንደያዘ ቀረ። «ስሜ ይያዝ ብዬ ነበር» አለ። ከዚያ ሆዴን አየና ጉርሻውን መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠ።  ሰባቱ ልጆች በማግስቱ ተወሰዱ። ወር ሳይሞላ ሪፖርቱ ላይ አንድም ተቃውሞ የሌለበት ወረዳ ተብለን ተመሰገንን፤ ቶለሳ ወደ ዞን ተዛወረ። ያተረፈው ማንን እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

ዓመታት አለፉ፤ ጊዜው ተቀየረ፤ የታሰረ ተፈታ። ሌሊሳም ተፈታ፤ ግን ሲሄድ የነበረው ልጅ ሆኖ አልተመለሰም። አባቱ ኦቦ ደቻሳ ገብስ አምራች ነው፤ ልጁን እጁን ይዞ ወደ ጓሮ ሲያወጣው ማየት ያማል። ሕዝቡ «ልጆቻችንን ማነው የሰጠው?» ብሎ ተነሣ። እኔ ያን ቀን ቶለሳ አበቃለት ብዬ ነበር። እሱ ግን ከዞን ራሱ መኪና አስነሥቶ መጣ፤ ሕዝቡን ራሱ ሰበሰበ።

«እኔ ሰብሳቢ ነበርኩ» አለ፤ እጆቹን ወደ ላይ አንሥቶ መዳፎቹን ለሕዝቡ አሳየ። «ሰብሳቢ እጅ አያወጣም። እነዚህ እጆች በልጆቻችሁ ላይ አልወጡም። የወጡትን ቃለ ጉባኤው ይናገር።» ብሎ የኔን ገጽ አስነበበ። «በሙሉ ድምፅ» ከሚለው ጋር የተገኙት አባላት ስም አንድ በአንድ ተጠራ። መርጋ ሦስተኛው ነው። ስሙ ሲጠራ ኦቦ ደቻሳ ዞር ብሎ ያየው አስተያየት ከፊቴ አይጠፋም። ልጁን እንደራሱ ልጅ ያይልኛል ብሎ የሚያምነው አስተማሪ ነበራ!

የተጠሩት በሙሉ ተነሥተው «እኔ ተቃውሜ ነበር!» ብለው ጮኹ። ስድሳ ውሸታም። እውነተኛው አንዱ እዚያ መሀል ቢናገር ማን ይሰማዋል? እሱ ደግሞ ጭራሽ አልተናገረም። አፌን ልከፍት ስል ክንዴን ጨብጦ «ተይ» አለኝ። «ያ ገጽ ያንቺ ፊርማ ነው ያለበት። ሶሬቲ ገና ትንሽ ናት።» ሶሬቲ ያኔ በሆዴ የነበረችው ልጃችን ናት። እኔም ተውኩ። ልክ ነህ ብዬ፣ ባሌን ለሁለተኛ ጊዜ ሸጥኩት።

ወላጆች መርጋ ልጆቻችንን እንዳያስተምርብን አሉ። አምቦ ተዛወርን፤ እኔ ዞን ቢሮ ገባሁ። እሱ እዚህ ያገኘው ሥራ የአንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ነው፤ ወንበርና ጠመኔ ያድላል። አደባባይ ላይ የአገሩን ሰው ሲያይ መንገድ ይሻገራል። ከዚያ እናቱ ሞቱ። ልንቀብር ወደዚያችው ከተማ ወጣን። በኛ አገር ሣጥኑ ከወረደ በኋላ ወንዶቹ አካፋውን እየተቀባበሉ አፈር ያለብሳሉ፤ ዘመድም ጎረቤትም ተራ ይደርሰዋል። አካፋው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሄድ አየሁ። መርጋ እጁን ሁለቴ ዘረጋ። ሁለቴም በአጠገቡ አልፎ ለሌላ ተሰጠ። ጉድጓዱ ሞላ። የገዛ እናቱን አንድ አካፋ አፈር ሳያለብስ ተመለስን። መኪና ውስጥ እጆቹን ጉልበቱ መሀል ከቶ ተቀመጠ፤ አምቦ እስክንገባ አላወጣቸውም።

በዚያው ሰሞን ቶለሳ የትልቁ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆነ። ቴሌቪዥኑን ስንከፍት እሱ አለ። ወንበሩ ከፍ ብሏል፤ ቀለበቱ በመዶሻ ተተክቷል፤ እጆቹ ግን ያው አንዱ ባንዱ ላይ ተጋድመዋል። «የሚደግፍ? የሚቃወም?» ሲል መርጋ ተነሥቶ ከቤት ይወጣል። እኔ ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው አየው ነበር። ደሜ እየፈላ አየዋለሁ።

በመጨረሻ ፊንፊኔ ሄድኩ። ሦስት ቀን ደጅ ጠናሁ። ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሥቶ አቀፈኝ። «አስቱ ልጄ! ሶሬቲ ስንተኛ ክፍል ደረሰች? የመርጋን እናት ዕረፍት ሰምቻለሁ፤ መምጣት ነበረብኝ፣ አልቻልኩም።»

«ቢመጡ አካፋውን ይሰጡዎት ነበር» አልኩት። አልገባውም፤ ወይም እንዳልገባው ሆነ። የመጣሁበትን ነገርኩት። «አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ። አባቴ ፊት እውነት ይናገራል ብለው የመሰከሩለት ሰው ነው። ለአገሩ ሰው ተቃውሞ ነበር ይበሉልኝ።»

«ገጹን የፈረመው ማነው?» አለኝ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፁ።

«እኔ።»

«ቃለ ጉባኤ አዛብታለች ሲሉሽ ምን ልላቸው ነው? ልጄ፣ እኔ እኮ ዛሬም አንቺን እየጠበቅኩሽ ነው።»

«ረቂቁ እጄ ላይ አለ።»

«ማኅተም አለው?»

 ውሃ አስመጣልኝ፤ ሳልነካው ወጣሁ። አሳንሰሩ ውስጥ ቆሜ አንድ ነገር ለራሴ ማልኩ። ያ ሰው ስሜን ጋሻ አድርጎ ነው የሚኖረው፤ እኔ እስከፈራሁ ድረስ እሱ አይነካም። አንድ ቀን አልፈራም አልኩ። ከማልኩ በኋላም ግን አራት ዓመት ፈራሁ።

እንግዲህ የዚህን ሰው ነው የሕይወት ታሪክ ጻፊ የተባልኩት።

ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፤ በሚያምረው እጄ። ስምንት ገጽ። ትውልዱን ጻፍኩ፤ ትምህርቱን፣ ያሠራውን የውሃ ጉድጓድ፣ የገበሬውን ፈረስ የሚያስታውስ ሰው መሆኑን ጭምር። የዋሸሁት አንድም ነገር የለም። አምስተኛው ገጽ መሀል ላይ፣ የምስክር ወረቀቶቹ ከተዘረዘሩበት ቀጥሎ፣ አንዲት አንቀጽ አስገባሁ። በተሰጠኝ ሰዓት ስምንት ስምንት ገጽ እያባዛሁ ለኮሚቴው አደልኩ።  አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ ቢያነበው አልቆልኛል።

ኢተፋ ሁለት ስልክ ይዞ ስለ ድንኳን ይጨቃጨቃል። አንዱ ስለ ወንበር፣ አንዱ ስለ እንግዶች መኪና ያወራል። ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ኢተፋ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ «ሁላችሁም አይታችሁታል አይደል? የሚቃወም? የለም። ሰገሌ ጉቱን!» አለ። የሟቹ ተማሪ ነው፤ ምን ይደረግ! እኔው ራሴ ማኅተሙን አቀረብኩለት። በየገጹ መታልኝ። አምስተኛው ገጽ ላይ ትንሽ ጠንከር አድርጎ ነው የመታው።

ቅዳሜ ጠዋት መርጋን «ተነሥ፣ እንሄዳለን» አልኩት። «እዚያ? አልሄድም» አለ። «ሽማግሌህ ነበር፤ ትሄዳለህ» አልኩት። ምን እንደጻፍኩ አልነገርኩትም፤ ብነግረው ክንዴን ይጨብጠኛል።

ቀብሩ እዚያችው ብርዳም ከተማ ነው፤ ሕዝብ እንደ ጉድ ወጥቷል። ከላይ የመጡት እንግዶች ድንኳኑ ሥር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ የአገሩ ሰው ከኋላ ቆሟል። መዘምራን ዘመሩ፤ ከዚያ አንዱ የኮሙኒኬሽን ልጅ ተነሣ፤ የራዲዮ ዓይነት ድምፅ አለው። በኦሮምኛ ያነብ ጀመር። አምስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ እጄን ጨበጥኩ። በዚያው ባማረ ድምፁ፣ የምስክር ወረቀቱን ባነበበበት ቃና፣ እንዲህ አለ፦

«ክቡር አፈ ጉባኤው የወረዳውን ምክር ቤት በመሩበት ወቅት፣ ሰባት ተማሪዎች ተላልፈው እንዲሰጡ በተወሰነበት ጉባኤ፣ መምህር መርጋ ብቻቸውን ተነሥተው ተቃውመዋል፤ ስማቸው እንዲያዝም ጠይቀዋል። ክቡርነታቸው ግን ውሳኔው በሙሉ ድምፅ እንደጸደቀ ተደርጎ እንዲጻፍ አዝዘዋል። ይህንንም የጻፈችውና የፈረመችው የጉባኤው ጸሐፊ አስቴር ናት።»

ልጁ ምን እንዳነበበ አልገባውም፤ ወደሚቀጥለው አንቀጽ ሄዷል።  ከኋላ ግን የኦቦ ደቻሳ ድምፅ መጣ፤ «ድገመው!» አለ።

አንባቢው ደንግጦ ወደ ኢተፋ አየ። ኢተፋ ስልክ ላይ ነው። ማኅተም ያለበት ወረቀት ነውና ልጁ ደገመው! ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አሁን ቀስ ብሎ። መርጋን ላየው አልደፈርኩም። ፊት ያሉት እንግዶች ኦሮምኛ አይሰሙም፤ «ምን አለ? ምን አለ?» ይባባላሉ። ኢተፋ ፊቱ ዐመድ መስሎ መጣና የአማርኛውን ቅጂ ከሁለተኛው አንባቢ እጅ ነጠቀው። «በሰዓት ጥበት ምክንያት ወደ ሥርዓተ ቀብሩ እናልፋለን» አለ። የአማርኛው በዚያው ቀረ። ይሄው እኔ እዚህ ጻፍኩት።

ሣጥኑ ወረደ። አካፋው ይዞር ጀመር። ኦቦ ደቻሳ ጋ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ዛቀና ቀና አለ። ዙሪያውን አየ። መርጋ ከሰው ሁሉ ኋላ፣ አጥሩ ጋ ነበር። ደቻሳ አካፋውን እንደያዘ ሰውን እየከፈለ ሄደ፤ ፊቱ ቆመ። 

«መምህር» አለው፣ «ያንተ ተራ ነው።»

መርጋ ተቀበለው። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ አንዴ ዛቀ፤ ሁለቴ፤ ሦስቴ። አፈሩ ሣጥኑ ላይ ሲወድቅ ኳ፣ ኳ ይላል። እንዲህ ያለ ድምፅ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ልቤ ቅቤ ጠጣች! ይበልህ፣ አልኩ፤ ይበልህ ቶለሳ። እስቲ አሁን እጅህን አውጣ።

ሴቶቹ የተቀመጡበት አግዳሚ ላይ ልቀመጥ ሄድኩ። አጠገቤ የነበረችው ከሰባቱ የአንዱ ልጅ እናት ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። ቀጥሎም ሌላዋ ተነሣች። አግዳሚው ላይ ብቻዬን ቀረሁ። አልፈረድኩባቸውም። ሰኞ ዕለት ከሥራ የታገድኩበት ደብዳቤ መጣ፤ ይህንንም የምጽፈው ቤት ተቀምጬ ነው።

የዚያን ቀን ስንመለስ፣ ጎጆን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር፣ መርጋ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷቸው ነበር። ጥፍሩ ውስጥ አፈር አለ። አላራገፈውም።

«የኔን ስም ማውጣትሽስ እሺ» አለኝ። «የራስሽን ምን አስገባሽ? ያለሱም ይገባቸው ነበር እኮ።»

«ጸሐፊው ያልፈረመበት ቃለ ጉባኤ አይጸናም» አልኩት።